ማሳየት ትቶ ማየት፦ ከዳንስ መድረክ ወደ ፒላቴስና ዮጋ አስተማሪነት

የመጀመሪያ ክፍሌን ያስተማርኩ ቀን አሥራ ሁለት ሰው ፊቴ ምንጣፉን ዘርግቶ ነበር። እኔም እንደለመድኩት አደረግሁ፤ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ አከርካሪዬን አንጓ በአንጓ እየጠቀለልኩ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። መድረክ ቢሆን ይጨበጨብልኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን የአንዱ የአንገት ሥር ተገትሯል፣ አንዷ ትንፋሿን ይዛ ፊቷ ቀልቷል፣ ሌላዋ እግሯን እያወራጨች ትነሳና ትወድቃለች። ከፊት የነበሩት ስልሳውን ያለፉ እናት ጭራሽ አልተነቃነቁም። «ልጄ፣ አንቺ ምን እንደሠራሽ አይቻለሁ» አሉኝ። «እኔስ ምን ልሥራ?»

ይህን መመሪያ ያስጻፈችኝ ያቺ ጥያቄ ናት። የምጽፈው ዳንስ ለሠራችሁ (የባህልም ይሁን ዘመናዊ ወይም ባሌት)፣ የሰውነትን አሠራር ለተማራችሁ ወይም ለመማር ለተነሳችሁ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ማሠልጠን ለምትፈልጉ ነው። ዳንስ ትልቅ ስንቅ ነው። ችግሩ፣ ዳንሰኛ ዕድሜውን ሲታይ የኖረ ሰው ነው፤ አስተማሪ ደግሞ ሥራው ማየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው የሚያሻግሩ ናቸው።

1. የምታስተምሩት ነገር ከየት እንደመጣ እወቁ

የፒላቴስ እንቅስቃሴዎችን የፈጠረው ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን አገር ሞንሽንግላድባክ ከተማ ተወለደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ ውስጥ ነበርና በጀርመንነቱ ታስሮ ቆየ። በ1926 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ስምንተኛ አቬኑ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። ጉዳት የደረሰባቸው ዳንሰኞች ይመጡለት ጀመር፤ ታዋቂዎቹ የዳንስ አቀናባሪዎች ጆርጅ ባላንሽንና ማርታ ግራሃም ዳንሰኞቻቸውን ወደ እሱ ይልኩ ነበር። ከእሱ ተምረው ሥራውን ካስቀጠሉት ውስጥ ኢቭ ጄንትሪ፣ ካሮላ ትሪየርና ሮን ፍሌቸር ራሳቸው ዳንሰኞች ነበሩ። ስለዚህ ዳንሰኛ ሆናችሁ ፒላቴስ ስታስተምሩ ወደ ባዕድ ቤት አልገባችሁም። በ1945 ያሳተመው መጽሐፍ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ሁሉንም ራሳችሁ ላይ ሠርታችሁ እወቁ፣ ለተማሪ ግን ሁሉም አይሰጥም።

ሌላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት «ፒላቴስ» የማንም የግል የንግድ ምልክት ሳይሆን የእንቅስቃሴው የወል ስም ነው ብሎ ወሰነ። ስሙን በር ላይ ለመለጠፍ ማንም አይከለክላችሁም ማለት ነው። ያልተማረውንም አይከለክለውም።

ዮጋ ከዚህ በጣም ይርቃል። በጥንቱ የህንድ ሊቅ በፓታንጃሊ ትምህርት ዮጋ ስምንት ክፍሎች ሲኖሩት አሳና፣ ማለትም የሰውነት አቋቋሙ፣ አንዱ ብቻ ነው። ዛሬ በስፖርት ቤቶች የምናየው በአሳና ላይ ያተኮረው ዮጋ አብዛኛው የሚመዘዘው የዮጋ መምህሩ ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በህንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ሲያስተምር ከነበረው ነው። ዝነኞቹ የዮጋ መምህራን አየንጋርም፣ ፓታቢ ጆይስም፣ በኋላ ዮጋን ወደ ሆሊውድ የወሰደችው ኢንድራ ዴቪም የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ኢንድራ ዴቪ ከዚያ በፊት ተዋናይና ዳንሰኛ ነበረች።

አዲስ አበባ ውስጥ ብታስተምሩ «ሃይማኖቴን ይነካብኛል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄውን አትናቁት፣ አትሸሹትም። እኔ ከየት እንደመጣ ሳልደብቅ እነግራለሁ፤ በክፍሌ ውስጥ ዜማም ጸሎትም አላስገባም፣ የአቋቋሞቹን ስም በአማርኛ እገልጻለሁ፣ ያልመቸው ሰው ፒላቴሱን ብቻ እንዲወስድ እተወዋለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልተመለሰ ጥያቄ ክፍሉን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል።

2. የራሳችሁን ሰውነት መርምሩ

ሌላ ሰው ላይ እጃችሁን ከመጫናችሁ በፊት የራሳችሁን ዳንስ ሰውነታችሁ ላይ ፈልጉት። ከመገጣጠሚያ ጀምሩ። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከዘጠና ዲግሪ በላይ ትታጠፋለች? አውራ ጣት ክንድን ይነካል? ክርንና ጉልበት ሲዘረጉ ቀጥታውን አልፈው ወደ ኋላ ይሄዳሉ? ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ መሬት ይደርሳል? ሐኪሞች ይህንን ከዘጠኝ ነጥብ ይቆጥሩታል (የመጀመሪያዎቹ አራቱ በግራና በቀኝ፣ የመጨረሻው አንድ)። አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ አዋቂ መገጣጠሚያው ልል ነው ይባላል። ዳንሰኞች መካከል እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው፤ ዳንስ ራሱ መርጦ ያስቀራቸዋል። ልል ሰው ጉልበቱን ቆልፎ መቆም ዕረፍት ይመስለዋል። ያንን ቆሞ ሲያሳይ ተማሪውም ይቀዳዋል።

ባሌት የሠራችሁ ደግሞ እግር ወደ ውጭ ማዞሩን ተጠንቀቁ። ማዞሩ ከጭን መገጣጠሚያ ሲመጣ ደግ ነው። ከዚያ ያነሰውን ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት መስረቅ ግን መድረክ ላይ የተለመደ ሌብነት ነው። ዮጋ ውስጥ ዋሪየር የሚባለው፣ እግርን አራርቆ አንዱን ጉልበት የሚያጥፈው አቋቋም ላይ ያው ሌብነት ተመልሶ ይመጣል፤ ጣት ወደ አንድ ወገን፣ ጉልበት ወደ ሌላ። የተማሪያችሁ ጉልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት ጋር ካልተሰለፈ የእናንተንም ቆም ብላችሁ እዩ።

እስክስታ የተለየ ምዕራፍ ይገባዋል። በጀርባችን ላይ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከቀረው አጽም ጋር በአጥንት የሚገናኘው ከደረት አጥንት ጫፍ ወደ ትከሻ በሚዘረጋው አጥንት (ክላቪክል) በኩል ብቻ ነው። ሌላው በጡንቻ የተንጠለጠለ ነው፤ በጎድን ላይ ይንሸራተታል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እጅ ሲነሳ ደግሞ ይሽከረከራል። በሌሎች አገሮች የፒላቴስ አስተማሪ ይህን አጥንት ለብቻው እንዲያንቀሳቅሱ ተማሪዎቹን ለማስለመድ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ጎጃምና ጎንደር ያደገ ሰው ግን ሠርግ ላይ ተምሮታል። እኔ አዲስ ክፍል ስጀምር ብዙ ጊዜ «አንድ ጊዜ እስክስታ ውረዱልኝ» እላለሁ። ይሳቃል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ከዚያ ፍጥነቱን እቀንሰዋለሁ፤ በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ፤ አንዷን ትከሻ ለማንሳትና ለመመለስ ሙሉ ትንፋሽ እስኪወስድ ድረስ። ፍጥነት ሲወጣ የተደበቀው ይታያል፤ አንዱ ትከሻውን የሚያወርደው በጡንቻው ሳይሆን በመልቀቅ ነው፣ ሌላዋ ትከሻዋ በሄደ ቁጥር አገጯ ይከተላል። ያንን ካዩ በኋላ በእጅና በእግር ተንበርክከው ክርናቸውን ሳያጥፉ ደረታቸውን በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ዝቅ አድርገው መልሰው መሬቱን ይገፋሉ። ይህ የፕላንክ (በእጅና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ ማድረግ) መሠረት ነው፤ ዳውንዋርድ ዶግ የሚባለውም (እጅና እግር መሬት ላይ ሆነው ዳሌ ወደ ላይ የሚነሳበት) ያለዚህ ትከሻ ከማሳመም በቀር አይጠቅምም።

የጉራጌ ጭፈራ ለሠሩ ስጦታው ሌላ ነው፤ እግርና ባት። ለአንድ እግር ሚዛን ሥራ እነሱን ከፊት አሰልፏቸው።

3. ክፍል ውስጥ የሚያገለግለውን የሰውነት እውቀት ለዩ

ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ብዙው ክፍል ውስጥ አይነሳም። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ጥቂት ነው፤ እሱን ግን አጥብቃችሁ እወቁት።

አንደኛው ትንፋሽ ነው። ሆዳችሁን እንደ እንስራ አስቡት። ክዳኑ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ይወርዳል፣ ስናወጣ ይወጣል። ታችኛው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያቅፈው ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ከኋላ ደግሞ አከርካሪን አንጓ ከአንጓ የሚያያይዙ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። ትንፋሽ ሲወጣ የሆድ መቀነት ለመሰብሰብ ይቀለዋል፤ ፒላቴስ ከባዱን ክፍል በማውጣት ላይ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ፒላቴስ አየሩን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ጎድን ይልካል፣ ሆድ እንደተሰበሰበ። ዮጋ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ያስተነፍሳል፣ ለማረፍ ሲሆን ሆድን ይለቀዋል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳትናገሩ ብትቀያይሩ ተማሪው ግራ ይጋባል። «አሁን ሥራ ነው፣ ወደ ጎድን»፤ «አሁን ዕረፍት ነው፣ ሆድ ይለቀቅ»። ይህን ያህል ማለት ይበቃል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ ላደገ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣች እህት ግን እዚያ የለመደችው ክፍል እዚህ ያስለከልካታል። «ሰውነቴ ሞቷል ማለት ነው?» ትላለች። አልሞተም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል አድርጉላት፣ ምክንያቱንም ንገሯት።

ሁለተኛው መሳሳብ ነው። ጡንቻ ውስጥ ርዝመትን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ በፍጥነት ሲሳብ ጡንቻው ራሱን ይሰበስባል። ስለዚህ ዳንሰኛ የሚወደው «ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ» እያሉ መንጠር ከዘበኛው ጋር መታገል ነው። ቀስ ብሎ መግባት፣ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ መቆየት፣ በትንፋሽ መውጫ መልቀቅ። የሚሳበው ስሜት በጡንቻው መሐል ሆድ ላይ ይሁን። ከጉልበት ኋላ መብላት ወይም እስከ ጣት የሚወርድ መንዘር ከሆነ የተያዘው ነርቭ እንጂ ጡንቻ አይደለም፤ ወዲያው ይቀንሱ።

ሦስተኛው ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ነው። የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይሰዳል። ግፊት ያለበትን ሰው «አትያዙ፣ ቁጠሩ» በሉት፤ ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ይህቺን ብልሃት ከሁሉም በላይ እጠቀምባታለሁ።

4. ጠይቁ፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ቅርብ ሰው

ማንም ሰው ምንጣፍ ላይ ከመተኛቱ በፊት አሥር ደቂቃ ለብቻው ስጡት። እኛ አገር በሽታ በራሱ ስም አይጠራም። «ብርድ መታኝ» ይባላል፤ ያ ማለት የተወጠረ አንገት፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም የደከመች እናት ትከሻ ሊሆን ይችላል። «ነርቭ ነው» ይባላል፣ ማን እንዳለው ግን አይታወቅም። ስለዚህ ስሙን ተዉና ቦታውን ጠይቁ፦ በአንድ ጣት ያሳዩኝ። መቼ ይብሳል፣ ቁጭ ሲሉ ወይስ ሲቆሙ? ከጉልበት በታች ይወርዳል? ይደነዝዛል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ወጌሻ አሽቷል? (የመጨረሻውን ሳትፈርዱ ጠይቁ፤ ከፈረዳችሁ አይነግሯችሁም።)

የወገብ ሕመም ላይ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫውና በጭኑ መካከል የደነዘዘው ወይም እግሩ እየከዳው ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ክፍል የለም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ለሌሎቹ፣ በቃሌ የምይዛቸው እነዚህ ናቸው፦

- አጥንቱ የሳሳ ሰው (በተለይ የወር አበባቸው ከቆመ የቆዩ እናቶች) ጀርባን ወደ ፊት የሚጠቀልል ሥራ አይሠራም። ሮል አፕ (ከመተኛት ተጠቅልሎ መነሳት) እና ሀንድረድ (ተኝቶ ጭንቅላትን አንስቶ እስከ መቶ እየቆጠሩ መተንፈስ) ቀርተው ጀርባ የሚያቃና ሥራና መቆም ይበዛላቸዋል።
- ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም ያልተያዘ የደም ግፊት ያለበት ጭንቅላቱን ከልቡ በታች አያድርግ። ዳውንዋርድ ዶግን ግድግዳ ላይ እጅ አሳርፎ ቆሞ ይሠራዋል።
- ነፍሰ ጡር ከአምስተኛው ወር ገደማ በኋላ በጀርባዋ ተኝታ አትቆይ፤ ማህፀኑ ትልቁን የደም መመለሻ ሥር ይጫነዋል። በጎን፣ ቁጭ ብሎ፣ በእጅና በጉልበት ብዙ ሥራ አለ።
- የወለደች ሴት ሐኪም ፈቅዶላትም ከተኛችበት ስትነሳ ሆዷ መሐል ለመሐል እንደ ጉብታ የሚወጣ ከሆነ የተለያየው የሆድ ጡንቻ አልገጠመም። ሲያስነጥሳት ሽንት ያመልጣት እንደሆነ ለብቻዋ ጠይቋት፤ በቡድን ፊት ማንም አይመልስም።

ጾምንም ጠይቁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ተማሪዬ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚመጣው። በረመዳን ደግሞ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ያኔ ከመሬት ቶሎ አስነስቶ ማቆም፣ ጭንቅላት አውርዶ ማንሳት ዓይን ያጨልማል። እኔ በጾም ወራት የቆሙትን ሥራዎች ቀንሼ የመሬቱን አበዛለሁ፤ ሙስሊም ተማሪዎቼን ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው ሰዓት ወይም ከፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ አደርጋለሁ። ከባዱ ሥራ ፋሲካን ቢጠብቅ ማንም አይጎዳም።

5. ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ

ሙዚቃ ሳትከፍቱ፣ ምንም ሳታሳዩ አራት ነገር አሠሩ፦ ዝም ብሎ መቆም፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት፣ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጡ ዝቅ ብሎ መነሳት፣ ከጭንቅላት ጀምሮ ወደ መሬት መጠቅለልና መመለስ። እጅ ሲነሳ ጎድን ወደ ፊት ይወጣል? ከሆነ ትከሻው አልሄደም፤ የጎደለውን ወገብ ሞላው። ሲቀመጥ ተረከዝ ይነሳል? ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል? ሲጠቀለል ጀርባው እንደ ሰንሰለት ይታጠፋል ወይስ አንድ ቦታ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ይቀራል?

ዳንሰኛ እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ ዓይኑ የሰለጠነ ነው። ነገር ግን የሰለጠነው «ያምራል፣ አያምርም» ለማለት ነው። የማያምር እንቅስቃሴ ትክክል ሊሆን ይችላል። ወፍራም ሰው ጠማማ መስሎ ፍጹም ደህና ይሠራል፤ ቀጭኗ ልጅ እንደ ሐረግ እየተጣጠፈች ወገቧን ትጎዳለች። ዓይናችሁ እስኪለምድ ድረስ ያያችሁትን በቃል ጻፉት፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ።

6. አንድን እንቅስቃሴ ፈታታችሁ እወቁት፦ ሮል አፕ

ያን ቀን ያሳፈረኝን ልውሰደው። ከመተኛት ወደ መቀመጥ በመጠቅለል መነሳት ነው። ተማሪው መሐል ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ምክንያት አንድ አይደለም።

የሆድ ጡንቻው ደክሞ ከሆነ የጭን መገጣጠሚያን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ሥራውን ይነጥቁትና እግሩን ከመሬት ያነሱታል። ለዚህ ሰው ከመተኛት አትጀምሩ፤ ቁጭ አስብላችሁ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኑን ከኋላ ይዞ፣ ወደ ኋላ ግማሽ መንገድ ወርዶ ይመለስ። መውረድ ከመነሳት ይቀላል፣ ያጠነክራልም።

የወገቡ አከርካሪ የደረቀ ከሆነ ኃይል አላነሰውም፣ የሚታጠፍ ቦታ ነው ያጣው። ታጥፎ የተጠቀለለ ጋቢ ከትከሻው በታች አስገቡለት፤ ከፍ ብሎ ሲጀምር አስቸጋሪውን ማዕዘን ያልፈዋል። የጭኑ የኋላ ጡንቻ ያጠረ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ራሱ አይችልም። ጉልበቱን ያጥፍ፣ ነጠላ ጠምዝዞ በእግሩ መዳፍ ላይ ያድርግና ይያዘው። (ከውጭ የሚመጣውን ማሰሪያና ጡብ ናፍቄ አላውቅም፤ ነጠላ፣ ጋቢና በርጩማ ሠርተውልኛል። አየንጋርም ገመድና ወንበር ነው የተጠቀመው።)

አራተኛው ምክንያት የሰውነት ልክ ነው። ላዩ ረዥምና ከባድ፣ እግሩ አጭርና ቀላል የሆነ ሰው ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ይህ ድክመት አይደለም፤ ንገሩት፣ እግሩን ያዙለት።

እንግዲህ አስቡት፤ «ሆድህን አጥብቅ፣ ትችላለህ!» ብሎ መጮህ ከእነዚህ ለየትኛው መልስ ይሆናል?

እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንዲህ ፍቱት፦ ምን ይሠራል፣ ለምን ያቅታል፣ በምን ይቀላል፣ ለማን አይሰጥም። አሥር እንቅስቃሴ እንዲህ የሚያውቅ አስተማሪ፣ መቶ ከሚያሳይ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይሠራል።

7. አንድ ሰዓቱን በአንድ ሐሳብ ሥሩት

ለምሳሌ የዛሬው ሐሳብ የጭን መገጣጠሚያ ነው እንበል። አምስት ደቂቃ ተኝቶ ትንፋሽ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ዳሌን ማወዛወዝና ብሪጅ (በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሳት)። ሃያ ደቂቃ የፒላቴስ ሥራ፦ እግርን በክብ ማዞር፣ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ በደረት ተኝቶ ጀርባ ማቃናት (ስዋን)። ቀጥሎ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ፦ ዋሪየር፣ የዛፉ ሚዛን። መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ የጭን መሳሳብና ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሻቫሳና፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ዝም ብሎ ማረፍ። ፒላቴሱ የቀሰቀሰውን ዮጋው ቆሞ ይጠቀምበታል፤ ሁለቱን ማጣመር ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው።

ሻቫሳናን አትስረቁ። መውጫ ትንፋሽ ሲረዝም ልብ ቀስ ትላለች፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲጋፋ ለዋለ ሰው ይህ የክፍሉ ግማሽ ዋጋ ነው። የሲሚንቶ ወለል ግን ይበርዳል፣ ጋቢ አልብሷቸው።

ሙዚቃ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ችክችካ ከከፈታችሁ ማንም በዝግታ አይሠራም፤ እናንተም አትሠሩም፣ ደማችሁ አይፈቅድም። በስምንት መቁጠርንም ከመድረክ አታምጡት። የአንዱ ትንፋሽ አጭር፣ የሌላው ረዥም ነው። ሀንድረድ ብቻ በቁጥር ይሄዳል፤ አምስት ወደ ውስጥ፣ አምስት ወደ ውጭ፣ አሥር ጊዜ። እሱንም ለጀማሪ ሃያ ወይም ሠላሳ ላይ አቁሙት።

8. ቃሉን ከቤት አምጡ

ከእንግሊዝኛ ሥልጠና የሸመደድነውን ትእዛዝ ወደ አማርኛ ገልብጠን ስንናገር ማንም አይገባውም። «ኮር» ምንድን ነው? «ዳሌህን ገለልተኛ አድርግ» ያልኩት አንድ ተማሪ ዳሌው ከማን ጋር እንደተጣላ ጠይቆኛል።

በብሪጅ ጀርባን አንጓ በአንጓ ለማንሳት «እንጀራውን ከምጣዱ ላይ ከጠርዙ ጀምራችሁ ላጡት» እላለሁ። ቤት ውስጥ እንጀራ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ያውቀዋል፤ ከቸኮለ ይቀደዳል። እግር ሲዞር ዳሌ እንዳይነቃነቅ «ከእምብርታችሁ በታች ሙሉ ስኒ ቡና ተቀምጧል»። ቀጥ ብሎ ለመቆም «ጭንቅላታችሁ ላይ ያለውን ዕቃ ትንሽ ወደ ላይ ግፉት»። ሐሳቡ ከሰውነት ውጭ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ እንቅስቃሴው ይቀልላል፤ ጡንቻን በስም እየጠሩ ማዘዝ ግን ሰውየውን ያደርቀዋል። የጡንቻ ስም ለእናንተ ነው፣ ለማስታወሻ ደብተራችሁ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፣ ከዚያ ሦስት ትንፋሽ ጠብቁ። እጃችሁን ስታሳርፉ «ልንካዎት?» ማለትን ልማድ አድርጉ፤ ዳንስ ውስጥ መነካካት ተራ ነው፣ ለባንክ ሠራተኛዋ አይደለም። በአጠራርም ተጠንቀቁ። እናት አባት የሚሆኑትን «እርስዎ» እያላችሁ ክፍሉን ደግሞ «እናንተ» በሉ፤ ወጣቱን አንተ ብላችሁ ትልቁን አንቱ ስትሉ ትእዛዛችሁ ይሰነጠቃልና ብዙ ቁጥር ይሻላል።

9. ወረቀቱና የራሳችሁ ጤና

በዓለም ላይ የተለመደው የዮጋ መነሻ ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። ሪፎርመር የሚባለውን ባለ ስፕሪንግ አልጋና ሌሎቹን መሣሪያዎች ጨምሮ ሙሉ የፒላቴስ ሥልጠና ብዙ ጊዜ 450 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከፍላችሁ ስትመዘገቡ የማስተማር ልምምድ ስንት ሰዓት እንዳለው ጠይቁ፤ መመልከትና ቪዲዮ ብቻ ከሆነ እየከፈላችሁ ያላችሁት ለወረቀቱ ነው።

በቀን አራት ክፍል ሙሉ እያሳየ የሚያስተምር ሰው ይጎዳል። ያልሞቀ ሰውነት ላይ፣ ሁልጊዜ በለመደው ጎን፣ አንገቱን ወደ ተማሪ አዙሮ ነው የሚሠራው። እኔ በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ዳሌዬን ያመመኝ ከመድረክ ሳይሆን ከዚህ ነው።

10. የመጀመሪያው የቤት ሥራ

ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ለአንድ ዘመዳችሁ ስልክ ደውሉ፣ ቪዲዮውን አጥፉ፣ ድምፅ ብቻ። ሦስት እንቅስቃሴ አስተምሩት፤ ትንፋሽ፣ ብሪጅ፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባ ማጎበጥና ማቃናት። ያሰባችሁትን ይንገራችሁ ሳይሆን የተሰማውን ይንገራችሁ፣ እናንተም እየሰማችሁ ጻፉ።

እኔ የደወልኩት ዱባይ ላለችው እህቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለችና ወገቧን ያማታል። «ጎድንሽን ዝጊ» አልኳት፣ ለሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ስለው እንደኖርኩት።

ዝም አለች። ከዚያ «ቆይ» አለችኝ፣ «መቼ ተከፈተ?»